ለብቻ፣ ለሦስት ሌሊት፦ ከአምስቱ የኖርዲክ ዋና ከተሞች የትኛው ያዋጣል?

ጥያቄው ብዙ ጊዜ የሚመጣው እንዲህ ነው። አንድ ሰው አውሮፓ ውስጥ ጉዳይ አለው፤ ስብሰባ ወይም ሰርግ፣ አለዚያም ዘመድ ጥየቃ። ጉዳዩ ሲያልቅ ሦስት አራት ቀን ይተርፈዋል። ወሩ ጁላይ ነው፣ አብሮት የሚሄድ ሰው የለም፣ ሮምና ፓሪስ በሙቀትና በቱሪስት ተጨናንቀዋል። ዓይኑን ወደ ሰሜን አውሮፓ፣ ወደ ኖርዲክ አገሮች ሲጥል አምስት ዋና ከተሞች ያገኛል፦ የዴንማርኳ ኮፐንሃገን፣ የኖርዌይዋ ኦስሎ፣ የፊንላንዷ ሄልሲንኪ፣ የስዊድኗ ስቶክሆልምና የአይስላንዷ ሬይክያቪክ። በፎቶ ሲታዩ ሁሉም ውሃ፣ ሁሉም ባለ ቀለም ቤት፣ ሁሉም ብስክሌት ናቸው። ታዲያ የቱን ይያዝ?

ስለ ውበት አልከራከርም፤ አምስቱም ያምራሉ። ብቻውን ለሚሄድና ጊዜ ለሌለው ሰው ግን ውበት መለያ አይሆንም። ከጓደኛ ጋር የሄደ ሰው ታክሲ ይጋራል፣ የክፍሉን ሒሳብ ለሁለት ይከፍላል፣ ቀኑ ቢበላሽም ስቆ ያልፈዋል። ብቻውን የሄደ ሁሉንም ከራሱ ኪስ፣ ሁሉንም በራሱ ጭንቅላት ነው የሚወጣው። ስለዚህ መለኪያዎቹን ላስቀድም፤ ከተሞቹ ይከተላሉ። ወራቱንና ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቱን በእኛ ነው የጻፍኩት።

መለኪያዎቹ

ትልቁና ብዙዎች የሚዘነጉት ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ነው። አብዛኞቹ ሙዚየሞች በ11 ወይም በ12 ሰዓት ይዘጋሉ። ፀሐይዋ ግን ገና ናት። በጁን ማብቂያ ኮፐንሃገንና ስቶክሆልም ላይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ነው፤ ኦስሎና ሄልሲንኪ ላይ ወደ 5 ሰዓት ሲጠጋ፣ ሬይክያቪክ ላይ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ። በመሃሉ ቢያንስ አራት አምስት ሰዓት ሙሉ ብርሃን አለ። ባልና ሚስት ያንን ጊዜ እራት ላይ ያሳልፉታል። ብቻውን ያለ ሰው ምግብ ቤት ገብቶ በሃያ ደቂቃ በልቶ ይወጣል፤ ከዚያስ? የከተማው ልክ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሳይከፍሉ፣ ወይም በኪስ ባለው የትራንስፖርት ትኬት ብቻ፣ ማንም «ምን ልታዘዝ» ሳይል ሰው መሃል የሚቀመጡበት ቦታ አለ ወይ?

ሁለተኛው የአንድ ሰው ዋጋ ነው። የሆቴል ክፍል ለአንድ ሰውም ለሁለትም ዋጋው እምብዛም አይለያይም፤ ስለዚህ ጥሩ ሆስቴል ወይም ጠበብ ያለ የአንድ ሰው ክፍል በቀላሉ የሚገኝበት ከተማ ይመረጣል። ሦስተኛው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ አልጋ የሚፈጀው ጊዜና ገንዘብ ነው፤ ሦስት ሌሊት ብቻ ላለው ሰው በመሄድና በመምጣት የሚባክን ግማሽ ቀን ብዙ ነው። አራተኛው፣ መኪና ሳይከራዩ ለግማሽ ቀን ከከተማ ወጣ ማለት ይቻላል ወይ የሚለው ነው። አምስተኛው ዝናብ ነው፤ በጁላይም ይዘንባል፣ አንዳንዴም ቀኑን ሙሉ።

ኮፐንሃገን

ጊዜ ለሌለው ሰው ከአምስቱ የሚቀለው ይህ ነው። ካስትሩፕ አውሮፕላን ማረፊያ ከመሃል ከተማ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚርቀው። ሹፌር የሌለው ሜትሮ ከተርሚናሉ ተነስቶ በሩብ ሰዓት ገደማ መሃል ከተማ፣ ኮንገንስ ኒቶርቭ አደባባይ ያደርሳል፤ ሌሊቱን ሙሉም አይቆምም። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የሚያርፍ በረራ ያለው ሰው ይህ ምን ያህል ሸክም እንደሚያቀል ያውቃል።

ከተማው ሜዳ ነው፤ ብስክሌት ለብቻ ተጓዥ እንደ ጓደኛ ይሆናል። አነዳዱ ግን ሥርዓት አለው። መቆም ሲፈልጉ እጅዎን ወደ ላይ አንስተው መዳፍዎን ያሳያሉ፤ ከኋላ ያለው ያንን አይቶ ነው ፍጥነቱን የሚቀንሰው። ወደ ግራ ለመታጠፍ መስቀለኛውን በሰያፍ መቁረጥ ክልክል ነው። ቀጥ ብለው ይሻገራሉ፣ ከማዶ ጥጉ ላይ ይቆማሉ፣ መብራቱ ሲለወጥ ደግሞ በአዲሱ አቅጣጫ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ይህን የማያውቅ እንግዳ የደወል ናዳ ይወርድበታል። ጠዋት 2 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ ከተማው ወደ ሥራ ይገባል፣ ከሥራ ይወጣል፤ ለጀማሪ የሚመች ሰዓት አይደለም።

ከ11 ሰዓት በኋላ ኮፐንሃገን ብዙ አለው። ኢስላንድስ ብሪገ የሚባለው የወደብ መዋኛ በነፃ ነው፤ ልጅ አዋቂው ከሥራ መልስ ልብሱን እንጨቱ ላይ አስቀምጦ ይዘላል። ቢጫዎቹ የወደብ ጀልባዎች በተራው የአውቶቡስ ትኬት ይሳፈሯቸዋል፤ ውድ የቱሪስት ጀልባ ላይ ከመውጣት በፊት እነሱን መሞከር ይበጃል። ኖረብሮ ሰፈር መግቢያ ላይ ያለው የንግሥት ሉዊዝ ድልድይ ደግሞ ምሽት ላይ የሚቀመጥበት ጎን እስኪጠፋ በወጣት ይሞላል፤ አንድ ሰው ለብቻው መቀመጡን ማንም አያስተውለውም። ባለ ቀለም ቤቶች የተደረደሩበት ኒሃቨን ፎቶ አንስተው የሚያልፉት ነው፤ እዚያ እራት መብላት ለቤቶቹ ቀለም መክፈል ነው። ትንሿን የባሕር ልጅ ሐውልትማ፣ ከ1913 ጀምሮ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች፣ ትንሽ ናት፣ መንገዱም ረዘም ይላል። ቲቮሊ መዝናኛ በ1843 የተከፈተ ታሪካዊ ቦታ ነው፤ ግን ከአምስቱ ከተሞች ብቸኝነት በጣም የሚሰማበትን ቦታ ስም ጥራ ብባል እሱን እጠራለሁ። ከልጆች ጋር ሲሆን ሌላ ነው።

ለግማሽ ቀን ሁለት ጥሩ ምርጫ አለ። አንዱ ሁምለቤክ የሚገኘው የሉዊዚያና ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ነው፤ በባቡር 35 ደቂቃ ገደማ፣ ግቢው ባሕር ዳር። ከማክሰኞ እስከ ዓርብ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ስለሆነ ከ11 ሰዓት በኋላ ላለው ጊዜም ይሆናል። ሌላው በ2000 የተመረቀውን የኦሬሱንድ ድልድይ ተሻግሮ የስዊድኗ ማልሜ ነው፤ በባቡር 40 ደቂቃ ያህል። ሁለቱም አገሮች በአንድ ቪዛ በሚገባበት የሸንገን ክልል ውስጥ ቢሆኑም ድንበሩ ላይ ፍተሻ ስለሚያጋጥም ፓስፖርት ሆቴል ጥሎ መውጣት አይቻልም።

ጉድለቱ ምንድን ነው? አልጋና ምግብ ውድ ነው፤ ተራራና ጫካ ለናፈቀው ሰው ደግሞ አይሆንም።

ኦስሎ

ኦስሎን ብዙዎች በዋጋው ፈርተው ይዘሉታል። ምግብ ቤት ውስጥ ለመብላት ላሰበ ሰው ፍርሃቱ ልክ ነው። ከሱቅ ዳቦና ዓሣ ገዝቶ ውሃ ዳር ለሚበላ ግን ከአምስቱ በነፃ ብዙ የሚሰጠው ይህ ከተማ ነው።

ጋርደርሞን ማረፊያ ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። እንደወረዱ መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ፈጣኑ የኤርፖርት ባቡር ነው፤ 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። አጠገቡ የሚቆመው ተራው ባቡር 25 ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ያው ጣቢያ ያደርሳል፣ ዋጋው ግን ግማሽ ያህል ነው። ለአምስት ደቂቃ እጥፍ የሚከፈልበት ምክንያት አይታየኝም።

ከማዕከላዊ ጣቢያው በእግር አሥር ደቂቃ ባልሞላ ርቀት ውስጥ ሦስት ነገሮች ተደርድረዋል፦ በ2008 የተከፈተው ኦፔራ ቤት፣ በ2020 የተከፈተው የዳይክማን ቤተ መጻሕፍት፣ በ2021 ወደ አዲሱ ሕንፃ የገባው የሠዓሊው ሙንክ ሙዚየም። የኦፔራው ጣሪያ ነጭ እምነበረድ ነው፤ ከውሃው አፍ ተነስቶ እንደ ዳገት ወደ ላይ ይወጣል፣ ማንም ይራመድበታል። ድንጋዩ ሆን ተብሎ ወጣ ገባ ተደርጓል፤ ሲረጥብ ያንሸራትታልና ስስ ሶል ያለው ጫማ አይመከርም። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሰው በመደዳ ጋደም ብሎ ፊዮርዱን፣ ወደ የብስ የገባውን የባሕር ክንድ፣ ያያል፤ ብቻውን የመጣው ከተጣማጁ አይለይም። ቢዘንብ ቤተ መጻሕፍቱ አለ። ፎቅ በፎቅ ወንበር፣ መስኮት ሁሉ ወደ ውሃ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ ከሰኞ እስከ ዓርብም እስከ ምሽት ክፍት ነው።

የከተማው የትራንስፖርት ትኬት ወደ ፊዮርዱ ደሴቶች የሚሄዱትን ጀልባዎችም ይሸፍናል። ሆቭዶያ ቅርቧ ናት፤ በ1147 የተመሠረተ ገዳም ፍርስራሽ አለባት፣ መዋኛ ዳርቻ አላት። የዋና ልብስ፣ ፎጣና ምሳ ይዞ የሄደ ሰው ቀኑን ሙሉ ሌላ ገንዘብ አያወጣም። ጫካ የፈለገ በምድር ባቡር 5 ቁጥር መስመር እስከ መጨረሻው ሶንስቫን ይሂድ፤ ሐይቁ ከፌርማታው ጥቂት እርምጃ ነው። የቀራፂው ቪጌላንድ ሐውልቶች ያሉበት ፍሮግነር መናፈሻም በሩ አይዘጋም፣ መግቢያም የለውም።

ለእኛ ሰው ሁለት ቦታዎች የተለየ ስሜት አላቸው። አንዱ ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የኖቤል የሰላም ሽልማት በየዓመቱ ዲሴምበር 10 የሚሰጠው በዚያ አዳራሽ ነው፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አህመድም በ2019 የተቀበሉት እዚያው ነው። ለጉብኝት ሲከፈት በነፃ ገብቶ ግድግዳውን የሞላውን ሥዕል ማየት ይቻላል። ሌላው ቢስሌት ስታዲየም ነው። ጥሩነሽ ዲባባ በጁን 2008 የ5,000 ሜትርን የዓለም ክብረ ወሰን 14:11.15 ያደረገችው እዚህ ነው። የቢስሌት ውድድር ዛሬም በየዓመቱ በጁን ይካሄዳል፤ ቀኑ ከገጠመ የትኛውም ሙዚየም ይቅር። ባንዲራ የያዘ ሰው እዚያ ብቻውን አይቀመጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ የቆዩ መመሪያዎች ሁሉ የሚጠሩት የቫይኪንግ መርከቦች ሙዚየም ለግንባታ ከተዘጋ ቆይቷል፤ በአዲስ መልክ ይከፈታል የተባለው በ2027 ነው። በባሕር ጉዞ ታሪክ ለሚደሰት ሰው እዚያው ቢግዶይ ያለው ፍራም ሙዚየም ይበቃል። ሁለተኛ፣ እሑድ ትልልቅ የምግብ ሱቆች ዝግ ናቸው። ከሱቅ ገዝቶ ሊኖር ያሰበ ሰው ቅዳሜውኑ ይሸምት፤ አለዚያ ያጠራቀመውን ሁሉ እሑድ አንድ ምሳ ላይ ይጨርሰዋል።

ሄልሲንኪ

ከአራቱ የሚለየው በዩሮ መገበያየቱ ነው፤ ሌላ ቦታ ዋጋ ባየ ቁጥር በጭንቅላቱ ሲያባዛ የሚውል ሰው እዚህ ያርፋል። ከቫንታ ማረፊያ መሃል ከተማ ድረስ ተራው ባቡር ግማሽ ሰዓት ይፈጃል፤ ትኬቱም 5 ዩሮ አይሞላም። ሁለት መስመር አለ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ቢሄዱ ያው ጣቢያ ነው የሚያደርሱት፤ ተሳስቶ መሳፈር የለም።

የሚታይ ነገር በመቁጠር ከሆነ ሄልሲንኪ ከኮፐንሃገንና ከስቶክሆልም ያንሳል። ሁለት ቀን ይበቃዋል። ብቻውን ለሄደ ሰው ግን ሌሎቹ የሌላቸው አንድ ነገር አለው፤ ሳውና። ፊንላንዳዊ ትራም ውስጥ አጠገብዎ ተቀምጦ አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሳውና ውስጥ ግን ያወራል፣ ያውም ራሱ ጀምሮ። ካሊዮ ሰፈር ያለው ኮቲሃርዩ ከ1928 ጀምሮ በእንጨት የሚነድ የሕዝብ ሳውና ነው፤ ወንድና ሴት ለየብቻ ይገባሉ፣ ሙቀቱ የበዛበት ሁሉ ፎጣ አገልድሞ መንገዱ ዳር ተቀምጦ ይበርዳል። ሥርዓቱ ቀላል ነው፦ ሳይታጠቡ አይገቡም፣ ከሥር ፎጣ ወይም ትንሽ መቀመጫ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ ድንጋዩ ላይ ውሃ ከመድፋትዎ በፊት የተቀመጡትን ይጠይቃሉ። ከላይኛው ደረጃ አይጀምሩ፤ እዚያ ያለው ሙቀት ሌላ ነው። ራቁትነት የሚከብደው ሰው ባሕር ዳር ያለውን ሎይሊን ይምረጥ፤ የዋና ልብስ ለብሰው ወንድ ሴቱ አብረው ነው የሚገቡት። ገንዘብ የሌለውም አልተረሳም። ሶምፓሳውና የሚባለው በበጎ ፈቃደኞች የሚተዳደር፣ በነፃ፣ ሌት ተቀን ክፍት ነው፤ እንጨቱን ራስዎ ይጨምራሉ፣ የዋና ልብስ ግዴታ አይደለም፣ ጾታም አይለይም።

የሱኦመንሊና ምሽግ ደሴት ከገበያው አደባባይ በጀልባ 15 ደቂቃ ነው፤ የከተማው ትኬት ይሠራል። ግንባታው በ1748 የተጀመረ፣ በ1991 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው። መግቢያ የለውም፤ የሚከፈለው ውስጡ ላሉት ሙዚየሞች ነው። ቀን ላይ ቱሪስት ይበዛበታል፣ ከ11 ሰዓት በኋላ የከተማው ሰው ብርድ ልብስና የሚቀመስ ነገር ይዞ ይመጣል። ለዝናብ ደግሞ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በ2018 የተከፈተው ኦዲ ቤተ መጻሕፍት አለ። መጽሐፍ ከላይኛው ፎቅ፣ መሃሉ ላይ የልብስ ስፌት መኪናና የሙዚቃ ክፍል ሳይቀር፤ ለማንም ክፍት።

አትሌቲክስ የሚወድ ሰው የኦሎምፒክ ስታዲየሙን ሳያይ አይመለስ። በ2005 የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ 5,000ንና 10,000ን ደርባ ያሸነፈችው እዚህ ነው። በሁለቱም ርቀት ሦስቱም ሜዳሊያ የኢትዮጵያ ሴቶች ነበር፤ ቀነኒሳ በቀለም 10,000ውን ወስዷል። በ1983 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደውም እዚሁ ነው፣ ከበደ ባልቻ በማራቶን ብር ያመጣበት። ከ72 ሜትሩ ማማ ላይ ከተማው ሁሉ ይታያል።

የቀረውን ቀን ታሊን ይውሰደው። መርከቡ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ አሮጌው ከተማ ከወደቡ በእግር ይደረሳል፣ ዋጋውም ከሄልሲንኪ ይቀላል።

ስቶክሆልም

በ14 ደሴቶች ላይ የተዘረጋ፣ ከአምስቱ ትልቁና ምናልባትም መልኩ የሚበልጠው ነው። ለሦስት ሌሊት ያስቸገረውም ትልቅነቱ ነው። አርላንዳ ማረፊያ 40 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ፈጣኑ ባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፣ ግን ከ300 ክሮና በላይ ያስከፍላል። ቆጣቢው መንገድ 583 ቁጥር አውቶቡስ ይዞ ሜርስታ መውረድ፣ ከዚያ የከተማውን ባቡር መያዝ ነው፤ በአንድ ተራ ትኬት ያልቃል። ሰዓት ይወስዳል፣ ኪስን ግን ያድናል።

ቫሳ ሙዚየም ዝና የሚገባው ነው። መርከቡ በ1628 ገና በመጀመሪያ ጉዞው፣ ከወደቡ ብዙ ሳይርቅ ሰጠመ፤ በ1961 ሙሉ አካሉ ከባሕር ወጣ። ለዝናብ ቀን ከአምስቱ ከተሞች የተሻለ ቦታ አላውቅም። ከስሉሰን ሙዚየሙ ወዳለበት ዩርጎርደን የምትሄደው 82 ቁጥር ጀልባ በተራው ትኬት ትሳፈራለች፤ ጋምላ ስታንን፣ አሮጌውን ከተማ፣ ከውሃ ላይ የምታሳየው እሷው ናት። አሮጌውን ከተማ ራሱን ጠዋት ነው መሄድ፤ የመርከብ ቱሪስት ሲፈስ ጠባቦቹ መንገዶች አያስተላልፉም። ምሽት ላይ ሞንቴሊዩስ መንገድ ወጥቶ መቀመጥ፣ ወይም በአንድ ትኬት የምድር ባቡር ጣቢያዎቹን ሥዕል እየዞሩ ማየት ነው። መኝታ ለሚፈልግ፣ ሼፕስሆልመን ላይ የቆመችው አሮጌ ባለ ሸራ መርከብ አፍ ቻፕማን ሆስቴል ሆናለች፤ በበጋ ቶሎ ትሞላለች። ከከተማው ውጭ ያለው የደሴቶች ሰንሰለት ግን ለሦስት ሌሊት ጎብኚ ወጥመድ ነው፤ ጥሩው ክፍል ሙሉ ቀን ይበላል።

ከኖርዲክ አገሮች የሐበሻ ሰው የሚበዛው ስዊድን ነው። እንጀራ፣ በጾም ወቅትም የጾም በያይነቱ ማግኘት ችግር የለም። ዘመድ ያለው ሰው የአልጋ ወጪውም ይቀርለታል። ግን አስቡበት፦ «ቡና ሳትጠጣማ አትሄድም» የሚባለው ለሦስት ቀን ጎብኚም ይሠራል፤ ስቶክሆልምን ሳያይ የዘመዱን ሳሎን ብቻ አይቶ የተመለሰ ሞልቷል።

ሬይክያቪክ

ለሦስት ሌሊት፣ ለብቻ፣ ያለ መኪና? እኔ አልመክርም። አይስላንድ ድንቅ የሆነችው ከከተማው ውጭ ነው፤ ከከተማው ውጭ ደግሞ መኪና ወይም የተደራጀ ጉብኝት ይፈልጋል፤ የመኪናን ኪራይ የሚጋራ የሌለው ሰው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው እዚህ ነው። ኬፍላቪክ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ባቡር የለም፤ አውቶቡሱ 45 ደቂቃ ገደማ ወስዶ ወደ 4,000 የአይስላንድ ክሮና ያስከፍላል። ሰማዩ ላይ የሚጨፍረውን አረንጓዴ ብርሃን ለማየት በጁላይ የሚሄዱም አሉ፤ ሌሊቱ ስለማይጨልም አይታይም።

ከሄዱ ግን የሰፈር መዋኛዎቹን አይለፉ። ከሳውና ቀጥሎ ለብቸኛ ሰው የተሠራ ቦታ ቢኖር እነሱ ናቸው፤ ከምድር በወጣ ሙቅ ውሃ ገንዳ ውስጥ ሰው እስከ ትከሻው ተዘፍቆ ስለ ፖለቲካ ያወራል። ከመግባትዎ በፊት ራቁትዎን፣ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው። ግድግዳው ላይ የሰው ሥዕል ተለጥፏል፣ መታሸት ያለበት የሰውነት ክፍል በቀይ ተቀልሞ። ሲሸሽ የተገኘን እንግዳ ይመልሱታል። ከከተማ ለመውጣት አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ሲንግቬትሊርን፣ የጌይሲርን ፍል ውሃና የጉልፎስን ፏፏቴ የሚያዞረውን የአውቶቡስ ጉብኝት ይያዝ፤ ሲንግቬትሊር በ930 የአይስላንድ ሸንጎ የተመሠረተበት ሜዳ ነው።

በአንድ ሠንጠረዥ

| ከተማ | ከማረፊያ እስከ መሃል | ከ11 ሰዓት በኋላ | የግማሽ ቀን መውጫ | ዝናብ ሲመጣ | ኪስ ላይ |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮፐንሃገን | ሜትሮ፣ ሩብ ሰዓት፣ ሌሊትም | እጅግ ጥሩ | ሉዊዚያና፣ ማልሜ | ጥሩ | አልጋና ምግብ ውድ |
| ኦስሎ | ባቡር፣ ከ25 ደቂቃ በታች | እጅግ ጥሩ፣ አብዛኛው በነፃ | ደሴቶች፣ ሶንስቫን | ጥሩ | ምግብ ቤት በጣም ውድ፣ ሌላው ይቻላል |
| ሄልሲንኪ | ባቡር፣ ግማሽ ሰዓት፣ ርካሽ | ጥሩ፣ ሳውና ላይ አንደኛ | ሱኦመንሊና፤ ታሊን ሙሉ ቀን | ጥሩ | ከአምስቱ ይቀላል |
| ስቶክሆልም | 20 ደቂቃ በውድ፣ ሰዓት በርካሽ | ጥሩ | ዩርጎርደን፤ ደሴቶቹ ቀን ይበላሉ | እጅግ ጥሩ | መካከለኛ፣ ዘመድ ካለ ቀላል |
| ሬይክያቪክ | አውቶቡስ፣ 45 ደቂቃ | መዋኛዎቹ ብቻ | በጉብኝት አውቶቡስ፣ ውድ | ደካማ | ከሁሉም ይከብዳል |

ለማን የትኛው

ሁለት ሌሊት ብቻ ካለዎት ኮፐንሃገን፤ ሌላው በመንገድ ያልቃል። ሦስት ሌሊት ኖሮዎት ውሃና ጫካ ከወደዱ፣ ምግብ ከሱቅ ገዝቶ መብላትም ካልከበደዎት ኦስሎን ይያዙ፤ ተገድጄ አንዱን ብመርጥ የምመርጠውም እሱን ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን የሚወጣ፣ ገንዘቡ የተቆጠረ፣ ግርግር የማይወድ ሰው ሄልሲንኪ ይሂድ። ሙዚየም ወዳድ ወይም ዘመድ ያለው፣ አራት ሌሊትም የሚያገኝ ስቶክሆልም። ሬይክያቪክን አንድ ሳምንትና መኪና የሚጋራ ሰው እስኪገኝ ማቆየት ይሻላል።

ሁለት ዋና ከተማ በሦስት ቀን ለማየት የሚያስቡም አሉ፤ ይቅርባችሁ። ማልሜና ታሊን በቂ ናቸው።

ብቻዋን ለምትሄድ ሴት በአምስቱም ከተሞች ምሽት መራመድ ከብዙ የአውሮፓ ከተሞች ይቀላል፤ የብርሃኑም እርዳታ ትልቅ ነው። ኪስ አውላቂ ግን በኮፐንሃገን ጣቢያዎችና በጋምላ ስታን አይጠፋም። ሆስቴሎቹ ብዙ ጊዜ የሴቶች ብቻ ክፍል አላቸው፣ ሲይዙ ይጠይቁ። የዓይን መሸፈኛ ሁሉም ይያዝ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ ብርሃኑ መስኮት ላይ ነው።

በምግብ በኩል ዋናውን ምግብ ምሳ ላይ ማድረግ ያዋጣል። በስዊድንና በፊንላንድ ከሰኞ እስከ ዓርብ ምግብ ቤቶች የቀኑ ምሳ የሚሉት አላቸው፤ ስዊድን ውስጥ ሰላጣ፣ ዳቦና ቡና ሳይቀር በአንድ ዋጋ። ያው ምግብ ማታ ዋጋው ብዙ ይጨምራል። ውሃ ከቧንቧ ይጠጣሉ፣ የሚገዛ የለም። ጥሬ ገንዘብም አያስፈልግም፤ በተለይ ስዊድን ውስጥ ብዙ ቤቶች ጭራሽ አይቀበሉም፣ ስለዚህ ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ከሌለዎት ችግር ነው።

ቀን ሲቆርጡና ቪዛ ሲያስቡ

ስዊድንና ፊንላንድ ውስጥ በጁን ሦስተኛ ወይም አራተኛ ሳምንት የሚውለው የአጋማሽ በጋ በዓል ከተማውን ባዶ ያደርገዋል። ስዊድኖች ዋዜማውን ከጁን 19 እስከ 25 ባለው ዓርብ ያከብራሉ፤ ሱቅና ሙዚየም ይዘጋል፣ ሰው ወደ ገጠር ይሄዳል። ዘመድ ገጠር ከጋበዘ ወርቅ ነው፤ ካልጋበዘ ያንን ሳምንት ለኮፐንሃገን ወይም ለኦስሎ ይስጡት። እዚያ በጁን 23 ምሽት ውሃ ዳር እሳት ይለኮሳል እንጂ ከተማ አይዘጋም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ስቶክሆልም፣ ኦስሎና ኮፐንሃገን ይበራል፤ ለሄልሲንኪና ለሬይክያቪክ ሌላ አውሮፕላን መቀየር ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለአምስቱም የሸንገን ቪዛ ነው። ክፍያው ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ጤና መድን ይጠየቃል። ማመልከቻው ብዙ ሌሊት ለሚያድሩበት አገር ይቀርባል፤ ሌሊቱ እኩል ከሆነ መጀመሪያ ለሚገቡበት። የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 ለኢትዮጵያውያን የመመርመሪያውን ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን አራዝሞ፣ ብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ ወስኗል። ስለዚህ ከጉዞው ሦስት ወር በፊት መጀመር ነው የሚሻለው፤ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። ብቻውን ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ሰው ስለ መመለሱ ይጠየቃል፤ የሥራ ደብዳቤ፣ የፈቃድ ቀን፣ የባንክ ዝርዝርና የመኝታ ማስረጃ ከሌሊቶቹ ቁጥር ጋር አንድ መሆን አለባቸው። መኝታውን ያለ ቅጣት የሚሰረዝ አድርገው ይያዙ፤ ቪዛው እስኪወጣ የማይመለስ ክፍያ አይክፈሉ።

የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ያለው ሰው ከሄልሲንኪ ታሊን ሄዶ መመለስ፣ ከኮፐንሃገን ማልሜ ውሎ መመለስ ይችላል፤ ሁሉም ሸንገን ውስጥ ናቸው። በመሃል ለንደንን ካስገባ ግን መግቢያው አለቀ ማለት ነው። የለንደን ጉዳይ ያለው ሰው ወይ አስቀድሞ ይጨርሰው ወይ መጨረሻ ላይ ያድርገው፤ ለዚያም የብሪታንያ ቪዛ ለብቻው ያስፈልጋል።